በእጄ የሰፋሁት ከረጢት

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ ድርጅቱ የምሳ ግብዣ አደረገልኝ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ብሩክ ተነሣና በፍሬም የተደረገ ወረቀት አነበበ። "አቶ ጌታሁን የአቧራ መሳቢያ ማሽን ኦፕሬተር ሆነው ባገለገሉበት ዘመን ሁሉ አንድም የሥራ ላይ ጉዳት ሳይደርስ…" ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩም።

በዚያች ሰዓት ድንጋይ ቆራጩ ደምሴ፣ ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው፣ እንጦጦ ሥር ባለች ቤቱ ሦስት ትራስ ደርቦ ተደግፎ አየር ይለምን ነበር። ግብዣው ላይ ስሙን ያነሣ አልነበረም። እኔም አላነሣሁም። ወረቀቱን ከጥብሱ ሰሃን አጠገብ ትቼ ወጣሁ። መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ የያዘኝ ንዴት ነበር። በአቶ ብሩክ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ገብቼ ተኝቼ ይወጣልኝ ነበር። ግን በእሱ ላይ ብቻ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ንዴቱ እስከ ዛሬ ስላልወጣልኝ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በጫኝነት ነው። ድርጅታችን የካ ውስጥ እብነ በረድና ግራናይት ቆርጦ ሕንፃ ላይ የሚገጥም ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ድንጋይ የሚቆረጠው ውኃ እየፈሰሰበት ስለሆነ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ጣጣው ሳይት ላይ ነው። ግድግዳው ተቀብቶ፣ ኮርኒሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ውኃ የሚረጭ ሰው አይፈለግም። የደረጃው ጠርዝ፣ የመስኮቱ ደፍ፣ የሊፍቱ በር ዙሪያ ሁሉ በደረቁ በግራይንደር ይስተካከላል። ያኔ ክፍሉ በአንድ አፍታ ጉም ይሆናል። ከፊትህ ያለውን ሰው በድምፁ ካልሆነ አትለየውም።

የፊተኛው ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለዚህ ብለው ተንቀሳቃሽ የአቧራ መሳቢያ ማሽን አስመጡ። ቁመቱ የሰው ትከሻ ያህላል፤ አራት ጎማ አለው፤ እየገፋን ከሳይት ሳይት እንወስደዋለን። ከላይ ሞተሩና ማራገቢያው ነው። መሐሉ ላይ ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች የተንጠለጠሉበት ሳጥን አለ። ከሥር በርሜል። ቱቦው አቧራውን ከነአየሩ ይስባል፣ ከረጢቶቹ አቧራውን ያስቀራሉ፣ አየሩ ተጣርቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ቀላል ነገር ነው። ቀላል በመሆኑም ማንም የሚያውቀው ይመስለዋል።

እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሱ መካኒክ ነበሩ፤ የጥጥ ብናኝ ስንት ጓደኛ እንደወሰደባቸው አንድ ቀንም ዘርዝረው አልነገሩኝም፣ ግን ከአሠራራቸው ይታወቅ ነበር። ማሽን ከማስነሣታቸው በፊት ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። "ጆሮ ይሸፍናል" ይላሉ። ካስነሡ በኋላ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገው ዝም ብለው ይቆማሉ። ሐኪም በሽተኛ ሲዳስስ አይተህ ከሆነ እንደዚያ ነው። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ጥቁር ጨርቅ ያወጡና አየሩ የሚወጣበት አፍ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይይዙታል። ገልብጠው በብርሃን ያዩታል። ነጭ ነገር ካለበት ማሽኑን ያጠፋሉ፣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ያወርዳሉ፣ ስፌታቸውን በጥፍራቸው ይፈትሻሉ።

"የሚታየው አቧራ ያስነጥስሃል፣ ትሸሸዋለህ" ይሉኝ ነበር። "የማይታየው ነው ገብቶ የሚቀመጠው።"

የከረጢቱ ጨርቅ እንደ ሸማ የተሸመነ አይደለም። ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ያለ ነው። አዲስ ሲሆን እንደውም በደንብ አያጣራም። ትንሽ አቧራ ሲለብስ ነው፣ ያ የለበሰው አቧራ ራሱ ማጣሪያ የሚሆነው። ስለዚህ ጋሽ ወርቁ ከረጢት በዱላ የሚደበድብ ሰው ካዩ አበዱ ማለት ነው። ማራገፊያ እጀታ አለው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጨርቁ ትንፋሽ እስኪሰበስብ ተጠብቆ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወዘወዘው። ሞተሩ እየሠራ ብትወዘውዘው አቧራውን ጨርቁ ውስጥ ታስገባዋለህ። ሳጥኑ ላይ ያለችውን የአየር ግፊት መለኪያ ማንበብም ከሳቸው ነው የተማርኩት። መርፌዋ ከፍ ካለች ከረጢቱ ታፍኗል። ዝቅ ስትል ደግሞ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፣ እሳቸው ግን ይደነግጣሉ። "ዝቅ ካለች ቀዳዳ አለ። አየሩ መንገድ አግኝቷል" ይላሉ። ይቺን ንግግራቸውን ያዙልኝ፤ የሰማኋት እኔ ነኝ፣ የረሳኋትም እኔ ነኝ።

እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲህ በተሠራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወለል ስንገጥም ማሽኑን አስነሣን፣ ጮኸ፣ ሳበ። ጋሽ ወርቁ አንድ ቅጠል ወረቀት ወደ ቱቦው አፍ አስጠጉ። ወረቀቱ ተርገበገበ እንጂ አልተጣበቀም። የሳይቱ ኤሌክትሪሻን ሦስቱን ሽቦዎች ሲያገናኝ ሁለቱን አቀያይሯቸው ኖሮ ማራገቢያው ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ወደ ኋላ ሲዞርም እኮ ይስባል፤ ግን ለወጉ ነው።

"እየሠራ አይደል እንዴ ጋሼ? ጊዜ አናባክን" አለ የሳይቱ መሐንዲስ።

"ይጮኻል እንጂ አይሠራም" አሉት። "ጩኸትና ሥራ አንድ ነው ያለህ ማነው?"

ሽቦው እስኪቀየር ድረስ ቱቦው ላይ ተቀመጡበት። በእውነት ተቀመጡበት።

ሌላ ጊዜ መገናኛ አካባቢ አንድ የገበያ ሕንፃ ላይ ስንሠራ ባለሀብቶቹ ሊጎበኙ መጡና ፎርማኑ ጫጫታው እንዳይረብሻቸው መሳቢያውን አጥፉት አለ። ቆራጮቹ ግን እንዲቀጥሉ ነበር የፈለገው፤ ሥራ ላይ መሆናቸው መታየት አለበት ብሎ። ጋሽ ወርቁ አልተከራከሩም። ቀጥ ብለው ሄደው የፎቁን መብራት በሙሉ ከቆጣሪው አጠፉ። "እሱ ካረፈ ሁላችንም እንረፍ" አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ቁጭ። በማግስቱ ባለቤቱ ቢሯቸው ጠርተው ተቆጧቸው፣ ግን አላባረሯቸውም። ያኔ እኔ በሆዴ "ሽማግሌው አበዛው" ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ጋሽ ወርቁ ሲደክማቸው ማሽኑን ለእኔ አስረከቡ። ጥቁሯን ጨርቅም ሰጡኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ባለቤቱም ሥራውን ለወንድማቸው ልጅ፣ ለአቶ ብሩክ፣ ለቀቁለት። አቶ ብሩክ ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ ብዙዎች። ለቅሶ ይደርሳል፣ ለበዓል በግ ይሰጣል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ክፉ ያልሆነ ሰው ምን ያህል ክፉ ነገር መሥራት እንደሚችል ግን አየሁ።

አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ከረጢቶቹ አለቁ። ስፌታቸው ለቀቀ፣ ሁለቱ ተቀደዱ። ከውጭ ነው የሚመጡት። አመለከትኩ። "ዶላር የለም፣ ተጠባበቁ" ተባልኩ። በሳምንቱ አቶ ብሩክ ራሱ አንድ ጥቅል ጨርቅ በመኪና ይዞ መጣ። ተራ ጨርቅ፣ አንሶላ የሚሰፋበት ዓይነት።

"ጋሽ ጌታሁን፣ በአሮጌዎቹ ልክ ስፋልን። አንተ እኮ ባለሙያ ነህ።"

"ይኼ ዱቄቱን ያሳልፋል" አልኩት።

"ጨርቅ ጨርቅ ነው።"

"አይደለም። ላሳይዎት።"

ሰፋሁት፣ ገጠምኩት፣ ደምሴ አንድ ጠርዝ እንዲቆርጥ አድርጌ ጥቁሯን ጨርቅ መውጫው ላይ ያዝኩ። ስገለብጣት ዱቄት የተነፋባት ትመስል ነበር። አቶ ብሩክ በጣቱ ነካ አደረገና ሳቀ።

"ይቺ ናት? ከዚህ እስከ መገናኛ በእግርህ ብትሄድ ከዚህ የበለጠ አትስብም? ለጊዜው ነው። ሥራ ልናቆም ነው እንዴ?"

እዚህ ላይ ነው ቆጣሪውን ማጥፋት የነበረብኝ። ሰው አሳይቶኛል፤ እንዴት እንደሚደረግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እኔ ያልኩት "እሺ" ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ነበረብኝ፣ ጡረታዬም እየቀረበ ነበር። ምክንያት እኮ አይጠፋም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ስስ ጨርቅ አየር አያግድም። ስለዚህ መርፌዋ ዝቅ አለች፣ ቱቦው ከድሮው በርትቶ ይስብ ጀመር። ከምላጩ ሥር የሚነሣው ጉም በአንዴ ይጠፋል። ቆራጮቹ ተደሰቱ። ደምሴ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ዘንድሮ ይህን ማሽን ምን አበላኸው? እንዴት ይስባል ጃል!" አለኝ። ሳቅሁለት። እሱ ከፊቱ ያለው ጉም ሲጠፋ እያየ፣ ከኋላው ማሽኑ ወፍራሙን ዱቄት አስቀርቶ የማይታየውን ደቃቅ በተዘጋው ክፍል ውስጥ መልሶ እየነፋበት ነበር። ለማሽኑ ቅርብ የሚሠራውም እሱ ነው። ምክንያቱም የማሽኑን አጠገብ ንጹሕ ቦታ ነው ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሯን ጨርቅ መጠቀም አቆምኩ። ምን እንደምታሳየኝ አውቅ ስለነበር ነው። ማሽኑ ላይ የተንጠለጠለ የዕለት መቆጣጠሪያ ቅጽ አለ። "ፊልትሮ" ከሚለው የማጣሪያው መስመር አጠገብ በየቀኑ "ደህና" እያልኩ ፈረምኩ። "ለጊዜው" የተባለው ሁለት ክረምት አለፈው።

እኔና ደምሴ በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን ለራጉኤል ንግሥ እንጦጦን በእግር እንወጣ ነበር። እሱ የዚያው ተራራ ልጅ ነው፤ እናቱ እንጨት ተሸክመው በወረዱበት መንገድ ያደገ፣ በስምንት ዓመትም የሚያንሰኝ። ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይወጣና ባሕር ዛፉ ጋ ቆሞ ይስቅብኛል። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ግን ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። በሦስተኛው ጊዜ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

"አረጀሁ መሰለኝ" አለ።

"ብርድ ይሆናል" አልኩት። ብርድ አለመሆኑን ሆዴ ነግሮኛል።

ሳሉ ከዚያ በኋላ አልተወውም። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ቲቢ ነው ተባለ፣ ለወራት መድኃኒት ዋጠ። ሌላ ቦታ ሄደ፣ እንደገና አስጀመሩት። እንዲህ ሲመላለስ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ደረቱን ሲያዳምጥ፣ አንዱ እንኳ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀውም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ጠየቀችው። ደጋግማ ራጅ አስነሣችው። የዚያን ቀን ደወለልኝ።

"የድንጋይ ዱቄት ነው አለችኝ። ሳንባዬ ጠባሳ ሆኗል። አይመለስም አለች።" ቀጥሎም "ግን እኮ የኛ ማሽን ጥሩ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። አላስታውስም ስል መዋሸቴ ነው። "ጥሩ ነው" ነው ያልኩት።

መሥራት ሲያቅተው አሰናበቱት። ከሰሰ። ድርጅቱ በሽታውን ከሌላ ቦታ ያመጣው ነው ብሎ ተከራከረ፤ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበውም እኔ "ደህና" ብዬ የፈረምኩባቸውን ቅጾች ነው። ደምሴ ምስክር አጥቶ ከቀጠሮ ቀጠሮ ይንከራተት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጡረታዬን ወራት እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። ይህን አውቄ ነው ያንን ምሳ የበላሁት።

በግብዣው ማግስት ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ዳገቱን ወጥቼ በሩን ሳንኳኳ የከፈተችልኝ ሚስቱ አስካለ ናት። ደስ አላት። "ደምሴ፣ ጋሽ ጌታሁን መጥቷል!" አለች። እሱም ከትራሱ ቀና ብሎ እንኳን ለጡረታህ አበቃህ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኩት። ጨርቁን፣ መርፌዋን፣ ፊርማውን፣ ሁሉንም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ምን አበላኸው ስልህ… ያኔም?"

"ያኔም።"

ሊጮኽ ፈለገ፣ ትንፋሹ አልበቃውም። ያንን ማየት ከመጮኹ ይብሳል። ንዴቱ ደረቱ ውስጥ ታፍኖ ሳል ሆኖ ወጣ። አስካለ ውኃ ይዛ ሮጠች። በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ።

"ውጣ" አለች አስካለ። "አልሰማህም? ውጣ ብሎሃል!"

ወጣሁ። ግን የድንጋዩ አጥር ጋ ቆሜ "ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ንገሪኝ፣ እመሰክራለሁ" አልኳት። በሩን ዘጋችብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልደወለም። በአሥራ አምስተኛው ቀን አስካለ ደወለች። ሰላም አላለችኝም። ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነግራኝ ዘጋች።

ወሬው አቶ ብሩክ ጋ ደረሰ። እሱም ደወለ።

"ጋሼ፣ ራስዎን እኮ ነው የሚከሱት። ፊርማው የእርስዎ ነው።" ሠራተኛው ሳለሁ አንተ ነበርኩ፤ ያን ቀን እርስዎ ሆንኩ።

"የኔ ነው" አልኩት። "ጨርቁን ያመጣኸው ደግሞ አንተ ነህ።" አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

የሥራ ክርክር የሚታይበት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ደምሴን ልጆቹ በወንበር ተሸክመው አወጡት። እኔ ከሰፋኋቸው ከረጢቶች አንዱን ከመጋዘን ጠባቂው ለምኜ ይዤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና ወደ መስኮቱ ያዙት አልኳቸው የቦርዱን አባላት። ሰብሳቢዋ አንሥታ ያዘችው። ከወዲያ ማዶ ያለው ሕንፃ በጨርቁ ውስጥ ይታይ ነበር።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። "ይህን የሰፋው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"በየቀኑ ደህና ነው ብሎ የፈረመውስ?"

"እኔ።"

"ታዲያ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም?"

"የኔም ነው። ከዚህ በፊት ስላልተናገርኩ ደግሞ እጥፍ ነው" አልኩ። "የኔ ጥፋት ግን የእነሱን አያጥበውም። ጨርቁን በመኪናው ያመጣው ሰው እዚያ ተቀምጧል፣ ነጩን ዱቄት በጣቱ ነክቶ አይቶታል። ይጠየቅ።"

ተጠየቀ። አቶ ብሩክ ቀጥ ብሎ መዋሸት አልሆነለትም። "ለጊዜው ነበር" አለ። ሰብሳቢዋ "ለስንት ጊዜ?" አለችው። ወደ ጠበቃው ዞረ።

ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ለደምሴ ተፈረደለት። በሽታው ከሥራው የመጣ ነው ተባለ፤ ሕክምናውንም ካሳውንም ድርጅቱ እንዲችል ተወሰነ። ማሽኑም ትክክለኛ ከረጢት እስኪገባለት እንዳይሠራ ታገደ፤ ይኸው ያ የለም የተባለው ዶላር በአንድ ወር ተገኘ። ይህን ስሰማ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። ነበረ ማለት ነው። ሁልጊዜም ነበረ።

ውሳኔው የተነበበ ቀን አዳራሹ ሲበተን ልጆቹ ታክሲ ሊይዙ ወርደው፣ አስካለ ወረቀቱን ለማስገልበጥ ሄዳ፣ ደምሴ ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። እኔ በግድግዳው ጥግ ጥግ ልወርድ ስል ጠራኝ።

"ጌታሁን።"

ዞርኩ። ከዚያ በር ካስወጣኝ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

"ልጆቹ እንደ ሬሳ በወንበር ሲያወርዱኝ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም" አለ። እያረፈ ነው የሚናገረው። "በእግሬ ነው የምወርደው።"

"እሺ።"

"እኔ አልታረቅሁህም።"

"አውቃለሁ።"

"የወደፊቱንም አላውቅም።"

"እሺ ደምሴ።"

ተነሣ። ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ቆመ፣ ደረጃውን ወደ ታች አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ክንድህን ስጠኝ" አለ።

ሰጠሁት። በየአምስት ደረጃው እያረፍን አራቱን ፎቅ ወረድን።